ጠንካራ ያልኩት ባትሪ

ሥራችን በሬዲዮ የሚመሩ ጄቶችን መገጣጠምና መጠገን ነው። መጫወቻ ነው እያሉ የሚያሾፉብን አሉ፤ 14 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ እውነተኛ ተርባይን የተገጠመለት፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበር ነገር በአናታቸው ላይ ሲያልፍ ግን ጎንበስ ይላሉ።

የዚያን ጄት ሽቦ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ከመሬት የሚላክለትን ትእዛዝ የሚቀበለውን ሪሲቨርና ክንፉንና ጅራቱን የሚያንቀሳቅሱትን ዐሥር ሰርቮ ሞተሮች የሚመግቡ ሁለት ባትሪዎች አሉት። ተርባይኑ የራሱ ሦስተኛ ባትሪ ስላለው በዚህ ታሪክ ውስጥ የለበትም። ባለቤቱ አንዱ ሊቲየም ፖሊመር፣ ሌላው ሊቲየም አይረን ፎስፌት እንዲሆን ፈልጎ ነበር፤ የተለያየ ዓይነት ከሆኑ በአንድ ምክንያት አብረው አይበላሹም በሚል ስሌት። ሐሳቡ ለጆሮ ጥሩ ነው። ነገር ግን ባለሁለት ሴል ፖሊመር ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው፤ ፎስፌቱ 7.2 ሞልቶ ሥራ ሲጀምር ወዲያው ወደ 6.6 ይወርዳል። ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዳዮድ ተለያይተው ቢገናኙ ሸክሙን ሁሉ ፖሊመሩ ይሸከመዋል፣ ፎስፌቱ ተቀማጭ ይሆናል። ያለ ዳዮድ ቢገናኙ ደግሞ አንዱ ሌላውን ከልኩ በላይ ይሞላዋል። ስለዚህ መጠናቸውም ዕድሜያቸውም እኩል የሆነ ሁለት ፎስፌት ገጠምኩ። 6.6 ቮልት ያለ ቮልቴጅ መቀነሻ ለሰርቮዎቹ ይስማማል፤ በመካከል ሊበላሽ የሚችል አንድ ዕቃ ቀረልኝ ማለት ነው።

ፎስፌት አንድ መጥፎ አመል አለው። ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቮልቴጁ ንቅንቅ አይልም። በቴስተር ሲለኩት ሙሉ ይመስላል፣ ከዚያ በድንገት ገደል ይገባል። ምን ያህል እንደተሠራበት በእርግጥ የሚታወቀው ቻርጀሩ የመለሰለትን የኤሌክትሪክ መጠን በሚሊአምፔር ሰዓት በመመዝገብ ነው።

መዝገቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንደኛው ባትሪ 910፣ ሁለተኛው 60። በሌላ የበረራ ቀን 880 እና 50። ሁለተኛው እምብዛም የማይበላ ባትሪ ሆኖ ስለታየኝ በኅዳጉ ላይ “ጠንካራ” ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቀን አለቃዬ ሌላ ነገር ሲፈልጉ ገጹን ገለጡት።

“ይህ ጠንካራ ያልከው ምን ሠርቶ ነው የጠነከረው?” አሉኝ።

ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ባትሪዎቹን በየተራ ለብቻቸው አብርቼ እንደምፈትሽ፣ ሪሲቨሩም እንደሚበራ፣ ክንፉም ጅራቱም እንደሚንቀሳቀስ ነገርኳቸው።

“ሰርቮዎቹን አንድ በአንድ ነው ወይስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ?”

አንድ በአንድ ነበር። አንደኛውን ባትሪ አጠፉና መቆጣጠሪያውን ሰጡኝ። ሁለቱንም ዘንጎች በፍጥነት ሳሽከረክራቸው ሰርቮዎቹ አንድ ላይ ጮኹ፤ ወዲያው የሪሲቨሩ መብራት ጠፋና ሁሉም በያለበት ደርቆ ቀረ። ተመልሶ እስኪበራ ሁለት ሰከንድ ያህል ፈጀ። በዚያ ጄት ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ከ160 ሜትር በላይ ነው። በልቤ ሳሰላው አፌ ደረቀ።

መሰኪያውን ነቅለን በአጉሊ መነጽር አየነው። ከውጭ ምንም የለበትም። የጥቁሩን ሽቦ ልባስ በምላጭ ስገልጠው ግን፣ የመሰኪያው ጥርስ ሽቦውን ነክሶ በያዘበት ቦታ ላይ ከክሮቹ ሦስት ብቻ፣ እነርሱም ላልተው ቀርተዋል። የጄቱ ንዝረት በዚያች አንድ ነጥብ ላይ ሲያጣጥፈው ከርሟል። ሦስት የላላ ክር ሪሲቨር ለማብራት ይበቃል፣ አንድ ሰርቮም ያንቀሳቅሳል። ዐሥሩ ሰርቮዎች አንድ ላይ 10 አምፔር ሲጠይቁት ግን ቮልቴጁ እዚያ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ሪሲቨሩም ከ3.5 ቮልት በታች ሲወርድበት ይጠፋል።

እውነቱን ለመናገር ሽቦው ጤነኛ በነበረበት ጊዜም ቀጭን ነበር። 0.33 ካሬ ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር፤ ደርሶ መልስ 60 ማለት ነው። በ10 አምፔር ብቻውን 0.3 ቮልት ገደማ ይበላል። መሰኪያውም ያለማቋረጥ 3 አምፔር ያህል ለመሸከም የተሠራ ነው። ሁሉም ሰው ስለሚጠቀምበት ተጠቀምኩበት፤ ከዚህ የተሻለ ሰበብ የለኝም።

ሁለቱንም መስመር ነቅዬ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ባለው፣ ሲሊኮን በለበሰ ሽቦ ተካሁ። መሰኪያዎቹን በብየዳ አያያዝኩ፤ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብዬም ሽቦውን ከአካሉ ጋር አሰርኩት፣ ንዝረቱ መሰኪያው አንገት ላይ እንዳይደርስ። ከዚያ እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻው አድርጌ ሁሉንም ሰርቮዎች አንድ ላይ ለአንድ ደቂቃ አስጮህኳቸው፤ አለቃዬ ከቮልቴጁ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ለባለቤቱ መደወሉ ከሥራው ሁሉ ከበደኝ። አንድም ነገር ሳልደብቅ ነገርኩት።

“ስንቱን በረራ ነው በአንድ ባትሪ የበረርኩት?” አለ።

ከመዝገቡ ቆጠርኩ። “ቢያንስ 11።”

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ “ያችን ሽቦ እንዳትጥላት፣ መጥቼ አያታለሁ” አለኝ።

በቀጣዩ የበረራ ቀን ማታ ቻርጀሩ 470 እና 490 አነበበ። ቁጥሮቹን ጽፌ ከላይ ያለውን “ጠንካራ” የሚል ቃል ልሰርዝ ስል፣ አለቃዬ መዝገቡን ከእጄ ወስደው ዘጉት።