አዲስ አበባ፣ አያት ላይ የዓሣ ገንዳውን ውሃ 30 ዲግሪ አታድርሱት

ዓሣው ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ጠጠር ላይ የሚታከክ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኢክ የሚባለው ተውሳክ ይዞታል። ሻጩ መድኃኒት ይሰጣችሁና «ውሃውን 30 አድርሱት» ይላል። እስካሁን የምታናድደኝ ይህቺ 30 ናት።

ምክሩ ቆላ ላለ ሰው ደህና ነው፤ ሙቀት የተውሳኩን ዑደት ያፋጥናል፣ ከ30 በላይ ደግሞ አብዛኛው መራባት ያቅተዋል። አያት ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ እዚህ ደግሞ የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ስለሚያንስ ኦክስጅኑም እንዲሁ ያንሳል። ባሕር ዳርቻ 30 ዲግሪ ውሃ በሊትር 7.5 ሚሊግራም ገደማ ሲይዝ እዚህ 6 አይሞላም። ኢክ የዓሣውን መተንፈሻ ጎድቶታል፣ መድኃኒቱ ውስጥ ፎርማሊን ካለ ደግሞ እሱም ኦክስጅን ይቀንሳል። ዓሦቹ ውሃው ላይ ተንሳፈው አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ሻጩን ብጠይቀው «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» አለኝ። እየታፈኑ ነበር! ሌሊት መብራት ከጠፋማ ሂተሩም የአየር ፓምፑም አብረው ይቆማሉ።

እኔ 26 ላይ አቁሜ ጊዜውን አረዝማለሁ። ሙቀቱን የምጨምረው በየጥቂት ሰዓቱ አንድ ዲግሪ ነው፤ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕም ከመድኃኒቱ በፊት ይገዛ።

የመድኃኒቱን መጠን በገንዳው ስፋት ሳይሆን በውሃው አስሉ። 80 በ35 በ40 ሳንቲሜትር 112 ሊትር ነው፤ ጠጠሩና ከላይ የቀረው ባዶ ሲቀነስ 95 ገደማ ይሆናል። ማጣሪያው (ፊልተሩ) ውስጥ ካርቦን ካለ አውጡት፣ አለዚያ መድኃኒቱን ይመጠዋል። መዳብ ያለበት ከሆነ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይገድላል።

ጨው በሊትር 2 ግራም ይበቃል፤ ለ95 ሊትር 190 ግራም፣ አሟምታችሁ በቀን ውስጥ ሦስት ቦታ ከፍላችሁ። አዮዲን ያለበት አይሆንም የሚሉትን አትስሙ፣ መጠኑ ኢምንት ነው። ጨው ስለማይተን 25 ሊትር ስትቀይሩ የምትጨምሩት 50 ግራም ብቻ ነው። የሮቶ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞቅ አድርጉት።

ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል የሚሰጧችሁም አሉ፤ ለአንዳንድ የአንጀት ተውሳክ እንጂ ለኢክ አይሆንም።

ነጠብጣቡ ሲጠፋ አታቁሙ። መድኃኒት የሚገድለው በውሃው ውስጥ የሚዋኘውን ተውሳክ ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለውን አይነካም። ከዓሣው የረገፈው ደግሞ ጠጠሩ ላይ ተጣብቆ በመቶዎች ይከፋፈላል። በ26 ዲግሪ የመጨረሻው ነጠብጣብ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀጥሉ፤ ሂተር ሳይኖር ውሃው 18 በሚወርድበት ክረምት ግን ዑደቱ ራሱ ሳምንታት ይፈጃል።