ማታ ማታ ከዶክ መብራት ስር ስኑክ በፍላይ እንዴት እንደያዝኩ

ፍሎሪዳ ለቫኬሽን የምትሄዱና ፍላይ ሮድ (ፍላይ የምትባለውን፣ መንጠቆ ላይ በላባና በፀጉር የምትሠራ አርቴፊሻል ማታለያ እየወረወሩ ዓሣ የሚያጠምዱበት ዘንግ) ያላችሁ ካላችሁ ሮዱን ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፣ ቀን ቀን ግን እዛው ይቀመጥ። ቀን ፀሐዩ አለ፣ ልጆች አሉ፣ ጀልባ ይመላለሳል፣ ዓሣውም ይደነግጣል። ማታ ሌላ ዓለም ነው። እኛ ለስፕሪንግ ብሬክ ሳራሶታ አጠገብ ሲየስታ ኪ የምትባለው ደሴት ላይ ካናል ዳር ያለ ቤት ተከራይተን ነበር፣ ባለቤቴ የመዋኛውን ፎቶ ስታይ እኔ የማየው ዶኩ ላይ፣ ማለትም ውሃው ላይ በተዘረጋው የጀልባ ማሰሪያ መድረክ ላይ፣ መብራት መኖሩን ነበር፣ እሱን ግን አልነገርኳትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶኩ ስር ውሃው ውስጥ የሚበራ አረንጓዴ መብራት አለ፣ መብራቱ ፕላንክተን ይሰበስባል፣ ያንን ሊበሉ ጥቃቅን ዓሦችና ሽሪምፕ ይመጣሉ፣ እነሱን ሊበላ ደግሞ ስኑክ ይመጣል። ስኑክ ጎኑ ላይ እስከ ጭራው ድረስ ጥቁር መስመር ያለው፣ የታች መንጋጋው ወጣ ያለ ዓሣ ነው፣ ሙቀት ካላገኘ አይሆንለትም፣ በ2010 ጃንዋሪ ፍሎሪዳን ብርድ ሲመታት ስንቱ ነው ያለቀው።

መጀመሪያ ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ወጣሁና ሮድ ሳልይዝ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ይሄን ማንም ሰው እንዲያደርገው እመክራለሁ። ዓይን የሚሄደው መሃል ላይ ደማቁ ቦታ ነው፣ እዛ የሚርመሰመሱት ግን ትንንሾቹ ናቸው። ትልልቆቹ መብራቱ የሚያልቅበት፣ ጨለማው የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ አፋቸውን ውሃው ወደሚፈስበት መምጫ አዙረው ቆመዋል፣ ጭራቸውን እንኳን እምብዛም አያንቀሳቅሱም፣ የሆነች ሽሪምፕ በውሃው ተገፍታ ስትመጣ ብቻ ጧ! የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ አለቀ። ስለዚህ ፍላዩን መብራቱ መሃል መጣል ትርፉ ማስደንገጥ ነው። እኔ ከላይ በኩል ጨለማው ውስጥ ጥዬ ውሃው ራሱ ወደ ጠርዙ ይዞት እንዲመጣ ነው የማደርገው፣ ከዛ ቀስ ብዬ አጠር አጠር አድርጌ መሳብ።

ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ግን ድካም ነው። ኖኣ (የአሜሪካ መንግሥት የባሕርና የአየር ንብረት መሥሪያ ቤት) የሚያወጣውን የታይድ፣ ማለትም ባሕሩ ከፍ ዝቅ የሚልበትን ሰዓት የሚያሳይ፣ ሰንጠረዥ አይቼ ውሃው ወደ ባሕር በሚወጣበት ሰዓት ነው የምወጣው፣ አንዳንዴ ሌሊት 8 ሰዓት ይሆናል፣ «አንተ ሰውዬ ጤና የለህም» እየተባልኩም ቢሆን እወጣለሁ። እዛው ዶክ፣ እዛው መብራት፣ ውሃው ሲቆም ዓሦቹ እያያችኋቸው ፍላዩን ዞር ብለው አያዩትም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንም ብርሃኑ በየቦታው ስለሚሆን ይበተናሉ፣ ጨለማ ማታ ይሻላል።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። 8 ዌይት (የሮዱ የጥንካሬ ቁጥር ነው) ሮድ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ላይን (ዋናው ክር)፣ ነጭ ትንሽ የዓሣ መሳይ ፍላይ፣ ጣት የምታክል ብትሆን ይበቃል። ሊደሩ (ላይኑንና ፍላዩን የሚያገናኘው ቀጭን ክር) ጫፍ ላይ ግን 30 ወይም 40 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርበን የሚባል ጠንካራ ክር እሰሩ። የስኑክ አፍ ስትዳስሱት የብርጭቆ ወረቀት ነው፣ የስንጥቡ ክዳን ጠርዝ ደግሞ ምላጭ ስለሆነ ቀጭን ክር አይችለውም። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ ክሩን በጣትና በጣት መሃል አሳልፋችሁ ዳስሱት፣ ሻከር ካለ ቆርጦ እንደገና ማሰር ነው፣ ምንም ስንፍና አያዋጣም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ መያዝ የለመደ እጅ ዓሣው ሲነክስ ሮዱን ወደ ላይ ያነሳል፣ እዚህ እንደሱ ከሆነ ፍላዩ ከአፉ ይወጣል። ሮዱ ወደ ውሃው እንደተዘረጋ ላይኑን በሌላው እጅ ጠበቅ አድርጎ መሳብ ነው። ከዛ በኋላ ጊዜ የለም፣ ስኑክ የሚሮጠው በቀጥታ ወደ ዶኩ ምሰሶ ነው፣ ምሰሶው ደግሞ ዛጎል የበቀለበት ነው፣ አንዴ ከዞረበት ደህና ሁን። ሮዱን ወደ ጎን አጋድማችሁ ጭንቅላቱን ወደ ክፍቱ ውሃ ማዞር፣ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ላይ ነው ሁሉም የሚያልቀው።

የያዝኳቸውን ሁሉ ለቅቄያለሁ፣ ጾምም ነበር፣ ከ28 ኢንች በታች የሆነውን ደግሞ ሕጉም አይፈቅድም። የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ደፍጥጬ ስለነበር ውሃ ውስጥ እንዳለ ነቀል ይላል። ላይሰንስ ኦንላይን ይገኛል፣ የፍሎሪዳ ነዋሪ ላልሆነ የ3 ቀኑ 17 ዶላር ነው። የሰው ዶክ ላይ አትውጡ፣ የራሳችሁ ከሌለ በካያክ መሄድ ይቻላል፣ ግን ማታ ነጭ መብራት መያዝ ግዴታ ነው። ባሕሩ ውስጥ በእግር የምትገቡ ከሆነም እግር አታንሱ፣ አሸዋውን እየጎተታችሁ ሂዱ፣ ስቲንግሬይ (ጭራው ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) እዛው ተኝቶ ነው የሚገኘው። የግንባር ባትሪው ቀይ ይሁን፣ እሱንም ውሃው ላይ አታብሩት፣ ዞር ብላችሁ ቋጠሮ ለማሰር ብቻ።

ሌላው ትንኟ ናት፣ በዓይን አትታይም ግን ቁርጭምጭሚት ትጨርሳለች፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ ነው መፍትሔው። ስትገቡ ሪሉን (የክሩን መጠቅለያ) እና ሮዱን በቧንቧ ውሃ አለቅልቁት፣ እንቅልፍ ቢያዳፋችሁም፣ ጨው ብረቱን ለመብላት ጊዜ አይፈጅበትም።