ቆጣሪዬ የተገለበጠበት ቁጥር

ሥራ ቦታ የሠራሁት ቆጣሪ አንድ ሌሊት ጉድ ሠራኝ። ማታ በደህና ሲቆጥር ትቼው ሄድኩ፤ ጠዋት ስመጣ −2,147,483,648 ይላል። ጥፋቱ የኔው ነበር፤ በ32 ቢት (እያንዳንዳቸው 0 ወይም 1 በሚይዙ 32 ቦታዎች) ነበር ያስቀመጥኩት። አንዷ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ትሄዳለች። በቀሪዎቹ 31 የሚያዘው ትልቁ ቁጥር 2³¹ − 1 ነው፤ ማለትም 2,147,483,647። እዚያ ላይ አንድ ሲጨመር ይገለበጣል።

ማስተካከሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ቁጥሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ለካ ብቸኛ ቁጥር ኖሯል፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። የኮምፒውተር ሰዎች ሆን ብለው የመረጡት መስሎኝ ነበር። ኧረ ምንም አይገናኝም! የ64 ቢቱን ወሰን፣ 2⁶³ − 1ን እዩት፤ ለ7 ይካፈላል። ከላይ የተጻፈችው 63 ለ3 ስለምትካፈል፣ 2³ − 1 ማለትም 7 የግድ ውስጡ አለ። 31 ግን ራሷ ብቸኛ ናት። ያ ብቻውን አይበቃም እንጂ፤ 11ም ብቸኛ ናት፣ 2¹¹ − 1 ግን 23 × 89 ነው።

ታዲያ በምን ታወቀ? ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ በ1772 (እ.ኤ.አ.)፣ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ከጠፋ በኋላ። አካፋይ ካለው ትንሹ ከ46,340 አይበልጥም። እስከዚያ ድረስ ወደ 4,800 የሚጠጉ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ሁሉንም በእጅ መሞከር ዕድሜ ይፈጃል። ኦይለር ግን አብዛኞቹን ሳይነካ ጣላቸው፦ የዚህ ቁጥር አካፋይ የሚሆን ነገር ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት። በቃ፣ ሌላው ሁሉ ከጨዋታ ውጭ ነው።

እኔም ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቁጭ አልኩ። የሚሞከረው ብቸኛ የሆነው ብቻ ነው። 63 ራሱ ለ3 ይካፈላል፤ ወደቀ። 249ም እንደዚያው። 311 ብቸኛ ነው፤ አካፈልኩ፣ 6,905,092 ደርሶ 35 ተረፈ። ቀጣዩስ? 497፣ 559፣ 745 እያልኩ ስሄድ ሁሉም እየወደቁ 1,303 ላይ ደረስኩ! ይህ ዝላይ ነው ያስደነቀኝ። ቀሪው 226 ሆነ።

በ1811 ፒተር ባርሎው የሚባል እንግሊዛዊ ከ2³¹ − 1 የሚበልጥ የዚህ ዓይነት ብቸኛ ቁጥር መቼም አይገኝም ብሎ ነበር፤ ጥቅም ለሌለው ነገር ማን ይደክማል ብሎ። ምስኪን! በ1876 ሉካስ የሚባል ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው 39 አሃዝ ያለውን 2¹²⁷ − 1 አረጋገጠ። በ2024 የተገኘውማ ከ41 ሚሊዮን አሃዝ በላይ አለው።

የኔ ወረቀት ግን 1,489 ላይ ቆሟል። ቀሪ 199። ከዚያ ካልኩሌተሩን አነሳሁ።