ቅጠሉ ረገፈ

ሂውስተን ውስጥ ችግኝ የሚሸጥበት ቦታ ስሠራ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሀበሾችን ጓሮ እያስተካከልኩ ትንሽ ትርፍ አገኛለሁ። የዛፍ ነገር በደንብ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 2021 መጣ። ያን ጊዜ ቴክሳስ የነበረ ሰው አይረሳውም። ሂውስተን ወደ -10 ዲግሪ ሴልሺየስ ወረደች። መብራት ጠፋ፣ ቧንቧ ፈነዳ፣ ሰው ቤቱ ውስጥ ካፖርቱን እንደለበሰ ተኛ።

አንዲት እናት ደንበኛዬ ጓሯቸው ውስጥ አንድ ሎሚና አንድ መንደሪን ነበራቸው። የተከልኩላቸው እኔ ነኝ። ሁለቱንም ብርድ ልብስ አልብሰው፣ ከሥሩ አምፖል አብርተውላቸዋል። መብራቱ ሲሄድ አምፖሉም ሄደ። ብርድ ልብሱ ደግሞ ግንዱ ላይ ተጠምጥሞ ታስሯል። እንደ ድንኳን እስከ መሬት መውረድ ነበረበት፤ ሌሊት ዛፉን የሚያሞቀው ከአፈሩ የሚወጣው ሙቀት ነው። ይህን ደግሞ አስቀድሜ አልነገርኳቸውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉ። «ልጄ፣ መንደሪኑ ሞተብኝ።»

ሄድኩ። የሎሚው ቅጠል ቡናማ ሆኖ ደርቋል፤ ግን አንድም አልወደቀም። መንደሪኑ ሙልጭ ብሏል። ቅጠሉ በሙሉ ከሥሩ ተከምሯል። ሎሚው ቢያንስ ቅጠል አለው አልኩና ተውኩት። መጋዜን አወጣሁና መንደሪኑን ከመሬት አንድ ጋት ከፍ ብዬ ቆረጥኩት። ግንዱ እርጥብ ነበር። የመጋዙ ጥርስ ላይ አረንጓዴ ልጣጭ ተጣብቆ አየሁ። አይቼ በሱሪዬ ጠረግኩት።

ሰኞ ለሜክሲኳዊው ሽማግሌ ባልደረባዬ አወራሁለት።

«ቅጠሉን የጣለው የትኛው ነው?»

«መንደሪኑ።»

«እና እሱን ቆረጥከው?»

እጄን ይዞ ወደ ሱቃችን ዛፎች ወሰደኝ። ቅጠሉ ደርቆ የተንጠለጠለበትን ቅርንጫፍ በጥፍሩ ፋቅ አደረገው፤ ውስጡ ቡናማ ነው። ባዶውን ቅርንጫፍ ፋቀው፤ አረንጓዴ። በብርድ የተቃጠለውን ቅጠል ገፍቶ የሚጥለው በሕይወት ያለ ቅርንጫፍ ነው። የሞተው መጣልም አይችልም። ከዚያ መጋዜን ተቀበለኝና እስከ ሜይ መጨረሻ አታየውም አለኝ። ዛፉ የት ድረስ እንደሞተ ራሱ በቡቃያው ያሳያል፤ መጀመሪያ ያቆጠቆጠው ራሱ ተመልሶ ሊደርቅ ይችላል። ሳያቆጠቁጥ ማዳበሪያም አይሰጠውም። እስከዚያ የተራቆተውን ግንድ ፀሐይ እንዳይጠብሰው በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ የግድግዳ ቀለም ከውሃ ጋር እኩል አቅጥነህ ቀባው አለኝ። ለእኔ መንደሪን የሚቀባ ነገር አልተረፈም።

ኤፕሪል ላይ ሴትየዋ እልል እያሉ ደወሉ። «ተነሳ! መንደሪኑ ተነሳ!» ፎቶ ላኩልኝ። አሳየሁት ለሽማግሌው፤ ሳቀ። እያንዳንዱ ቅጠል በሦስት የተከፈለ ነው፣ እሾሁ የጣት አንጓ ያህላል።

እኛ የምንሸጠው መንደሪን ከታች ሌላ ዛፍ ነው። ብርድ የሚችል፣ ባለ ሦስት ቅጠል እሾሃም ዘመዱ ሥሩን ይሰጣል፤ መንደሪኑ ከላይ ተዳቅሎበታል። የተዳቀለበት ቦታ ግንዱ ላይ አበጥ ብሎ ይታያል። እኔ ከእብጠቱ በታች ነው የቆረጥኩት። ስለዚህ የተነሳው ሥሩ እንጂ መንደሪኑ አይደለም። ቢያፈራ እንኳ ፍሬው መራራ፣ ሆዱ ዘር ብቻ ነው። ሎሚው ደግሞ እስከ መሬት ደርቋል።

ለሴትየዋ መንገር ከበረዶው ይልቅ ከበደኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ዝም አሉ፤ ከዚያ ቡና አፈሉልኝ። አዲስ መንደሪን በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ተከልኩላቸው። ሎሚ ግን እንደገና አልተከልኩም፤ ለዚያ ብርድ መንደሪኑ ይሻላል።

አሁን በየኖቬምበሩ ግንዱ ዙሪያ አፈር እከምራለሁ፤ ከእብጠቱ በላይ እስኪያልፍ። ከላይ ያለው ቢሞት እንኳ አፈሩ የሸፈነው መንደሪን እንደገና ያቆጠቁጣል። ማርች ላይ አፈሩን እመልሳለሁ፤ ከቆየ ቅርፊቱ ይበሰብሳል።

ጃንዋሪ 2024 ላይ እንደገና ቀዘቀዘ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስልኬ ጠራ።

«ልጄ፣ ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ።»

«እሰይ!» አልኩ።

«ምን እሰይ ትላለህ?»

«እማማ፣ መጋዝ እቤት አለ?»

«አለ።»

«ይደብቁት።»