የአውቶቡስ ቁጥር ሳይሆን ምልልስ ይቆጠር
የከተማ አውቶቡስ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት አዲስ አውቶቡስ ሊገባ ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጠዋት ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው የሚታየው የአውቶቡስ እጥረት ነውና። ሆኖም የአዲስ አበባ የአውቶቡስ አገልግሎት ለሚቀጥሉት አሥርና ሃያ ዓመታት እንዴት ይደግ ከተባለ፣ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፤ እርሱም አንድ አውቶቡስ በቀን ስንት ምልልስ፣ ማለትም ከመነሻው ተነሥቶ እስኪመለስ ያለውን የደርሶ መልስ ጉዞ፣ ይሠራል የሚለው ነው።

አንድ ምልልስ 2 ሰዓት የሚፈጅበትን መስመር እንውሰድ። በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ እንዲነሣ 12 አውቶቡስ ይበቃል። መንገዱ ተጨናንቆ ምልልሱ 3 ሰዓት ሲሆን ግን ያንኑ የ10 ደቂቃ አገልግሎት ለመስጠት 18 አውቶቡስ ያስፈልጋል። በውጭ ምንዛሪ የተገዙት 6 ተጨማሪ አውቶቡሶች ሹፌር፣ ቲኬት ቆራጭ፣ ነዳጅና ጎማ ይፈልጋሉ፤ ተሳፋሪው ግን አሁንም 10 ደቂቃ ይጠብቃል፤ እንዲያውም በጉዞው ላይ ግማሽ ሰዓት ይጨመርበታል። ስለዚህ ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድ ምልልሱን ወደ 2 ሰዓት ከመለሰው፣ አንድም ተሽከርካሪ ሳይገዛ 6 አውቶቡስ እንደተገኘ ይቆጠራል። ይህ የተከለለ መስመር ታዲያ ጎዳናው ሰፊ በሆነበት ብቻ ተቀብቶ መስቀለኛው ጋ ሲደርስ የሚቋረጥ ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ አውቶቡስ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው እዚያው መስቀለኛው ላይ ነውና።

ምሽት 12 ሰዓት ገደማ መገናኛ ላይ የሚቆም ሰው ሌላም ነገር ያያል። ለረጅም ጊዜ አንድም ሳይመጣ ይቆይና የአንድ መስመር ሁለት አውቶቡሶች ተከታትለው ይደርሳሉ፤ የፊተኛው በሩ እስከማይዘጋ ድረስ ሞልቶ፣ የኋለኛው ግማሽ ወንበሩ ባዶ ሆኖ። የፊተኛው አንዴ ከዘገየ በየፌርማታው የሚጠብቀው ሰው ይበዛል፣ ማሳፈሩ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ይበልጥ ይዘገያል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ የሚያነሣው ሰው ስለሚያጣ ይደርስበታል። ይህንን የሚፈታው የስምሪት ሠራተኛ ነው፤ አውቶቡሶቹ የት እንዳሉ እያየ የኋለኛውን ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ፣ ለዚህም ሥልጣን የተሰጠው ሰው። በዕድገት ዕቅዶች ውስጥ ይህ ሙያ ተገቢውን ስፍራ ሲያገኝ ማየት እመኛለሁ።

አንበሳ አውቶቡስ በ1930ዎቹ ሥራ ሲጀምር የከተማዋ ኑሮ በፒያሳ፣ በመርካቶና በለገሀር ዙሪያ የተሰበሰበ ነበር። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው እንደ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ቱሉ ዲምቱ ባሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ይኖራል። ጠዋት ሁሉም ወደ መሀል ይጎርፋል፤ አውቶቡሱም ሞልቶ ሄዶ ባዶውን ይመለሳል። ዴፖው፣ ማለትም የአውቶቡሶቹ ማደሪያና መጠገኛ ግቢ፣ ከመስመሩ መነሻ በራቀ መጠን ደግሞ ማለዳና ማታ ያለ ተሳፋሪ የሚነዳው ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ለዴፖና ለተርሚናል የሚሆን መሬት በከተማዋ ዳር ዛሬውኑ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው። ቤት ከተሠራበት በኋላ መሬቱን ማስመለስ የካሳ ክፍያና የዓመታት ክርክር ይዞ ይመጣል።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሌላ ትምህርት ትቶልናል። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ከሥራ ውጭ ሆነው ቆይተዋል። አገራችን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ በማዞሯ፣ የአውቶቡሱም ተራ ደርሷል። በእኔ እምነት የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ግዢ ባትሪውን፣ የመሙያ ጣቢያውን፣ የመካኒኮቹን ሥልጠናና የመለዋወጫውን አቅርቦት በአንድ ውል ካላካተተ ባይፈረም ይሻላል። በዴፖ ግቢ የቆመ አውቶቡስ በዓመታዊ ሪፖርት ላይ ቢቆጠርም ሰው አያጓጉዝም።

አሁን ሊሠራ የሚችል ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራም አለ። የወረቀት ቲኬት ምን ያህል ሰው እንደከፈለ ይናገራል፤ ተሳፋሪው የት እንደወረደ፣ ከዚያስ ሌላ አውቶቡስ ይዞ ወዴት እንዳለፈ ግን አይነግረንም። ስለዚህ የሚቀጥለው የግዢ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት የእያንዳንዱ መስመር የምልልስ ሰዓት በጠዋት፣ በቀትርና በምሽት ተለክቶ፣ የወጪና ወራጁም ብዛት በየፌርማታው ተቆጥሮ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ቆጠራውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወረቀትና እርሳስ ይዘው ሊሠሩት ይችላሉ።