ከታች የተቋጠረው ክር

ሐምሌ ነበር። የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ የሚውልበት ወር። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ወረድ ብለው ኮምቦልቻ በነጠላ የሚቀመጡ ሰዎች አሉ፤ ደሴ ግን በሐምሌ ያለ ብርድ ልብስ አይታደርም። የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት የሕፃን ብርድ ልብስ ትእዛዝ የተቀበለው ያኔ ነው። ላዩ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ መሐሉ ስስ ጥጥ፣ ታቹ ገበር። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዘው በስፌት መኪና የሚጠለፍ ጥምዝምዝ መስመር ነው። ከመካከላችን ሠርቶት የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ልማረው አልኩ።

ቤት ባለችኝ ትንሽ መኪና ማታ ማታ ጀመርኩ። ይህ ሥራ ከተለመደው ስፌት ጋር አይገናኝም። ጨርቁን የሚስበው ጥርስ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ጨርቁን የሚነዳው እጅ ብቻ ነው። እጅ ከፈጠነ ስፌቱ ይረዝማል፤ ፔዳሉ ከፈጠነ ይደራረባል። ሁለቱ ሲስማሙ እኩል ይወጣል። ጨርቁን ከላይ የሚይዘው የመኪናዋ እግርም ይቀየራል፤ ለጥልፍ የሚሆነው እግር ሞላ አለው፣ ጨርቁን አይጫነውም፣ ላዩ ላይ ብድግ ቁጭ ይላል።

ላዩ አማረልኝ። ገልብጬ ሳየው ግን ታቹ የተንጨባረረ ፀጉር መስሏል። ፈታሁት። የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን ቦቢን እንደገና ጠቀለልኩ። የቦቢኑን ቤት ጠረግሁ። 14 ቁጥር መርፌ አስገባሁ። ክር ቀየርኩ። ያው ነው። ዐሥር ቀን ሙሉ ያው ነው።

መኪና ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኳት። የተለመደውን እግር ገጠመ፣ ስስ ጨርቅ ላይ ቀጥ አድርጎ ሰፋ። ጥሩ ሰፋች። ቢሆንም «የቦቢኑ ቤት አልቋል» ብሎ ቀየረውና ገንዘቡን ተቀበለኝ። ማታ ሞከርኩት። ያው ነው።

በማግስቱ የተበላሸውን ለአሠሪዬ አሳየኋት። ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበር። «ያንቺ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም፤ ለሌላ ሰው እንስጠው» አለችኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰው ፊት መናገሯ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ «እስኪ ስፊ፣ ልይሽ» አላለችም። ጠጋኙም አላለም።

ሰኞ ገበያ አካባቢ በረንዳ ላይ በእግር በሚነዳ መኪና የቀሚስ ጥልፍ የሚጠልፉ ሐጂ አሉ። እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ሐጂ፣ ቦቢኔ አስቸገረኝ» አልኳቸው።

ጨርቁን ተቀበሉኝ። ላዩን አላዩትም። ገልብጠው በጣታቸው ዳሰሱት።

«ቦቢኑ ነው ያለሽ ማነው?»

«የተቋጠረው ከታች ነዋ።»

«ከታች የተቋጠረው የላይኛው ክር ነው። ቀለሙን እዪው እንጂ ልጄ።»

አየሁት። ላይ ቀይ ክር፣ ቦቢን ላይ ነጭ ነበር ያደረግሁት። የተንጨባረረው ሁሉ ቀይ ነው። ዐሥር ቀን ስፈታው የከረምኩት ቀይ ክር ነው። በዐይኔ እያየሁት አላየሁትም።

«ስትሰፊ እግሩን ታወርጂዋለሽ?»

«ወርዷል እኮ...» ብዬ ጀመርኩና ዝም አልኩ።

አላወርደውም ነበር። የጥልፉ እግር ቢወርድም ባይወርድም ጨርቁን አይጫነውም። ከሥሩ ሦስቱ ተደራርበው ሲገቡ ደግሞ ልዩነቱ ለዐይን አይታይም። ከኋላ ያለው ማንሻ ካልወረደ ግን የላይኛውን ክር ጨብጠው የሚይዙት ሁለት ክብ ብረቶች ክፍት ናቸው። ክሩን የሚይዘው የለም፤ ዝም ብሎ ወደ ታች ይፈስሳል። ጠጋኙ የተለመደውን እግር ስላወረደ ነው ጥሩ የሰፋችለት።

ሐጂ አልሳቁብኝም። ጨርቁን መልሰው ላዩን ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ጥምዝምዙን መስመር በጣታቸው ተከተሉት።

«አብሽሪ» አሉኝ። «እጅሽ ደህና ነው። መስመሩ ያምራል።»

እንባዬ መጣ። ያን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሌላው ሁሉ ቀለለኝ። ወንበራቸውን ለቀውልኝ አስቀመጡኝ። ስጀምር የታችኛውን ክር ወደ ላይ አውጥቼ ሁለቱን አንድ ላይ እንድይዝ፣ ከመሐል ጀምሬ ወደ ዳር እንድወጣ፣ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እያለ እንዳልጎትት አሳዩኝ። ገንዘብ ልስጥ ብል በጄ አላሉም።

ብርድ ልብሱን በሦስት ሌሊት ጨረስኩት። የመጀመሪያው ሌሊት ሁለት መርፌ ሰበርኩ፤ ጎትቼ። ሦስተኛው ሌሊት ላይ እጄና ፔዳሉ ተስማሙ።

ለአሠሪዬ ሰጠኋት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ላዩን አየችው። «ጎበዝ» አለች፣ ልታጥፈው ስትል እጄን ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩ።

«ገልብጪው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጫፉን ይዛ ቀስ ብላ ገለበጠችው።