ዲፕሎማዬ ስድስት ዓመት ሻንጣ ውስጥ ተኛ

ከደብረ ብርሃን ስነሣ እናቴ ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ ጠቀለለችው። ሻንጣው ውስጥ በርበሬና ሽሮ ስላለ ከእነሱ ራቅ አድርጋ ከልብሶቼ መሀል አስገባችው። «እንዳይነካው» አለችኝ። ሦስት ዓመት ተምሬ ያገኘሁት የነርስነት ወረቀት ነው። አራት ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርቼበታለሁ። ፍራንክፈርት ከገባሁ በኋላ ግን ያ ወረቀት ስድስት ዓመት ሙሉ ከፕላስቲኩ አልወጣም።

ጀርመን የመጣሁት በፈረንጆቹ 2015 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ ነው የምቆጥረው)። ባለቤቴ ቀድሞኝ ገብቶ ስለነበር በቤተሰብ ቪዛ መጣሁ። እንደማንኛውም ሰው ኢንተግራሽን ኩርስ፣ ማለትም ለአዲስ መጤ የሚሰጠው ትምህርት ገባሁ። 600 ሰዓት ቋንቋ ተምሬ ቢ1 የሚባለውን የመካከለኛ ደረጃ ፈተና አለፍኩ። ከዚያ አንዲት የሥራ አማካሪ ዘንድ ተላክሁ። ነርስ ነኝ አልኳት። ወረቀቱን እንኳ አላየችውም። «እሱ እዚህ አይሠራም፣ ከዜሮ ነው የምትጀምሪው» አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ፈገግ ብላ ነው የነገረችኝ። እኔም አመንኳት። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሕጉን የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ሆቴል ክፍል አጸዳሁ። በ2017 አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ቢያንስ ከታማሚ ጋር ልሁን ብዬ ነው።

እዚያ ያየሁትን ትንሽ ልንገራችሁ፤ ወደዚህ ሙያ የሚመጣ ሐበሻ ሁሉ የሚደነግጥበት ነገር ነውና። እኛ አገር ነርስ መርፌ ትወጋለች፣ ግሉኮስ ትሰቅላለች፣ ቁስል ትጠርጋለች፣ ገጠር ከሆነች ደግሞ ታዋልዳለች። ታማሚውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ሌሊት የሚያገላብጠው አስታማሚው ነው። እናት ናት፣ እህት ናት፣ ልጅ ነው። ጀርመን አገር አስታማሚ የለም። ያንን ሁሉ የምትሠራው ነርሷ ራሷ ናት። ሦስት ዓመት የተማረችዋም ጭምር ገላ ታጥባለች፣ ዳይፐር ትቀይራለች። ሆስፒታል ውስጥ ክንድ ላይ መርፌ አስገብቶ መስመር የሚከፍተው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ነው። ከእኛ ጤና ጣቢያ ተነሥቶ እዚህ የመጣ ሰው «ሙያዬን ወሰዱብኝ» ብሎ ይከፋዋል። እኔም ከፍቶኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሰው የ91 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ላጥባቸው ስገባ እጄ ተንቀጠቀጠ። አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። እሳቸውም አፍረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አብራኝ የነበረችው ነርስ ፎጣውን ወስዳ ከላይ ሸፈነቻቸውና የምታጥበውን ቦታ ብቻ ገልጣ፣ አድርቃ፣ መልሳ ሸፈነች። እያጠበችም ቆዳቸውን ታያለች። ተረከዛቸው፣ ዳሌያቸው፣ ወገባቸው ላይ ቅላት አለ ወይ? ትንፋሻቸው እንዴት ነው? ሲንቀሳቀሱ የቱ ጋ ያማቸዋል? ለካ ማጠብ ምርመራ ነው። ያን ቀን ስለ ሙያው የነበረኝ አስተሳሰብ ተለወጠ።

ይሁንና ረዳት ረዳት ነው። መድኃኒት አትሰጪም። የእንክብካቤ እቅድ አትጽፊም። የአንዲት እናት አተነፋፈስ አላማረኝም ስል «እሺ፣ ለነርሷ ንገሪ» እባላለሁ። ደመወዙም ይለያያል። በእንክብካቤ ሥራ ላይ ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በሐምሌ 2025 ሥልጠና ለሌለው ረዳት 16.10 ዩሮ ነበር። ቢያንስ የአንድ ዓመት ሥልጠና ላለው 17.35፣ ለሙሉ ነርስ ደግሞ 20.50 ዩሮ። ይህ ወለሉ ነው፤ ብዙ ቦታ ከዚህ በላይ ይከፈላል። ግን ልዩነቱን በወር፣ በዓመት አስሉት። ጡረታም የሚታሰበው ከዚሁ ነው። እኔ ነርስ ሆኜ ሳለ ዓመታት ሙሉ በረዳት ሒሳብ ሠራሁ።

በ2021 አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው ነገሩ የተከፈተው። ሆስፒታል የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሴት አሉ። ጸበል ጻድቅ እየበላን ስለ ሥራ ስናወራ ወሬዬን አቋረጡኝ። «ቆይ አንቺ፣ ነርስ አልነበርሽም እንዴ? አነርኬኑንግ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ቃሉን ሰምቼዋለሁ፤ ለሐኪምና ለኢንጂነር ብቻ ይመስለኝ ነበር። «በይ ነገውኑ» አሉ። በማግስቱ ደውለው ሄድሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አነርኬኑንግ ማለት የውጭ አገር ትምህርት ከጀርመኑ ጋር ተነጻጽሮ እውቅና የሚሰጥበት አሠራር ነው። ይህን የሚፈቅደው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ2012 ነው። እኔ አገሩ ከመግባቴ ሦስት ዓመት በፊት ማለት ነው! ማንም ሰው ዜግነቱም ሆነ የመኖሪያ ፈቃዱ ምንም ይሁን ምን ሙያው እንዲገመገምለት ማመልከት ይችላል። ነጻ ምክር የሚሰጡ ቢሮዎችም አሉ። ያቺ አማካሪ አንድ ስልክ ቁጥር ብትሰጠኝ ኖሮ ብዬ ብዙ ሌሊት አስቤያለሁ።

ከዚያ የወረቀት ጣጣው መጣ። ዲፕሎማው ብቻ አይበቃም። የሚፈልጉት እያንዳንዱ ትምህርት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ ነው። በክፍል ውስጥ ስንት፣ በተግባር ስንት፣ የተግባሩስ በየትኛው ክፍል፤ ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ የአእምሮ ሕክምና። የእኔ ትራንስክሪፕት ላይ ያለው ግን ክሬዲትና ውጤት ብቻ ነው። እህቴ ከሥራዋ እየቀረች ኮሌጁ ተመላለሰች። መዝገብ ቤቱ ተቀይሯል፣ የሚያውቁኝ መምህራን ሄደዋል። አምስት ወር ፈጀ። በመጨረሻ የሰዓት ዝርዝሩ ማኅተም ተደርጎበት ወጣ። ከጤና ጣቢያውም የሥራ ልምድ ደብዳቤ አጻፈችልኝ። ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ እዚህ በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ የፈጸመ አስተርጓሚ። ለትርጉም የሚከፈለው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ማመልከቻው ላይም ክፍያ አለ፤ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ሥራ የሌለው ሰው ጆብሴንተርን፣ ማለትም ሥራ ፈላጊን የሚረዳውን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ፤ የሚሸፈንበት መንገድ አለ።

መልሱ በቢጫ ፖስታ መጣ። እዚህ ያለ ሐበሻ ቢጫ ፖስታ ያስደነግጠዋል፤ የጥገኝነት ውሳኔ የሚመጣው በእሱ ነው። ባለቤቴ ከሳጥኑ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሁለታችንም ሳንነካው ቡና ጠጣን። ስንከፍተው አልተቀበሉኝም፣ አልጣሉኝምም። የጎደለኝን ዘርዝረው ነው የላኩት። የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የአእምሮ ሕክምናና የቤት ለቤት እንክብካቤ ሰዓቴ አነሰ። የቀረው ግን ተይዞልኛል። አነበብኩና አለቀስኩ። ለካ ዜሮ አልነበርኩም።

የጎደለውን ለመሙላት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የጎደለውን ብቻ የሚማሩበት ማሟያ ሥልጠና ነው። ሌላው ኬንትኒስፕሩፉንግ የሚባለው የዕውቀት ፈተና ነው፤ የቃልና በታማሚ አልጋ ዳር የሚሰጥ የተግባር ክፍል አለው። ፈተናው የወደቀውን ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ መድገም ይፈቅዳል። እኔ ቶሎ ለመጨረስ ስል ፈተናውን መረጥኩ። ዛሬ ብጠየቅ ማሟያ ሥልጠናውን እመርጥ ነበር። በተለይ ልጅ ያላት፣ እየሠራች የምታጠና ሴት በዚያ በኩል ብትሄድ እላለሁ። ጊዜው ቢረዝምም በፈተና ቀን አንድ ነገር ብቻ ላይ አትንጠለጠልም።

ቋንቋው ከቢ1 አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ቢ2 ያስፈልጋል። ወረቀቱን ማግኘት አንድ ነገር ነው። ፍራንክፈርት ያሉ አሮጊቶች የሚናገሩት የሄሰን ጀርመንኛ ግን በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ከሁሉ የሚከብደው ስልክ ነው። ሐኪም ደውሎ በጥድፊያ ትእዛዝ ሲሰጥ የአፉን እንቅስቃሴ አታዪም። እኔ ሁሉንም ደግሜ አነብለት ነበር። «እንደዚህ ነው ያሉኝ?» እላለሁ። አንዳንዱ ይበሳጫል። ይበሳጭ። የመድኃኒት መጠን ነው።

የቃል ፈተናውን መጀመሪያ ወደቅኩ። የወደቅኩበትን ጥያቄ ለሁሉም እነግራለሁ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንዲት ሴት ሌሊት ሌሊት ከአልጋ ይወርዳሉ። ምን ታደርጊያለሽ? ተባልኩ። እኔም ሳላመነታ «እንዳይወድቁ የአልጋውን መከለያ ከፍ አደርጋለሁ» አልኩ። ፈታኞቹ ተያዩ። ሌላስ? አሉኝ። በር እዘጋለሁ አልኩ። አበቃ። ጀርመን አገር የሰውን አልጋ ያለፈቃዱ በመከለያ መዝጋት ነጻነት መንፈግ ነው። ሰውየው ራሱ መፍቀድ አለበት። መፍቀድ በማይችልበት ሁኔታ ሕጋዊ ወኪሉ መወሰን፣ ዳኛም ማጽደቅ አለበት። ከዚያ በፊት ሌላው ሁሉ ይሞከራል። አልጋው እስከ ወለል ዝቅ ይደረጋል፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ሲረገጥ የሚደውል ምንጣፍ ይደረጋል። ደግሞም ለምን እንደሚነሡ ይጠየቃል። ሽንት ነው? ረኃብ ነው? ፍርሃት ነው?

መጦሪያው ውስጥ አራት ዓመት መከለያ ሲነሣና ሲወርድ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ግን የነገረኝ አልነበረም፤ ረዳት ስለሆንኩ ፋይሉን አላነብም። እኛ ዘንድ ታማሚን ማሰር እንኳ ደግነት ሊመስል ይችላል። «እንዳይወድቅብን» እንላለን። እዚህ ግን ከመውደቅ በፊት ፈቃዱ ይጠየቃል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ትክክል ሆኖ አገኘሁት። አሁን የሚያስጨንቀኝ ስንቱን ሰው ሳንጠይቅ እንደያዝነው ነው።

ስድስት ወር እንደገና አጠናሁ። የኩሽናው ግድግዳ በወረቀት ተሞላ። የአልጋ ቁስል መከላከል፣ መውደቅ መከላከል፣ የሳንባ ምች መከላከል፣ የደም መርጋት መከላከል። ልጄ እንጀራ እየበላች ታስጠናኝ ነበር፤ አነጋገሬን ታርማለች። በ2023 አለፍኩ። ወደ ደብረ ብርሃን ስደውል እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ያው የእኔው ወረቀት ነው? በርበሬው አልነካውም?» ብላ ነው።

ሁሉም ሰው የእኔ ዓይነት ወረቀት የለውም። ማኅበራችን ውስጥ የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ የሆነበት አንድ ወንድማችን አለ። ዱልዱንግ ላይ ነበር፤ ከአገር መባረሩን ለጊዜው ብቻ የሚያቆይ፣ በየጥቂት ወሩ የሚታደስ፣ እንቅልፍ የሚነሣ ወረቀት። እሱ የሄደበት መንገድ አውስቢልዱንግ ነው፤ እየሠሩ የሚማሩበት የሙያ ሥልጠና። የነርስነት አውስቢልዱንግ ሦስት ዓመት ነው። ከ2020 ጀምሮ የሕፃናት፣ የአዋቂና የአረጋውያን ነርስነት በአንድ ሥልጠና ተጠቃሏል። 2,100 ሰዓት በክፍል፣ 2,500 ሰዓት በተግባር። የትምህርት ክፍያ የለም። እንዲያውም ደመወዝ ይከፈላል፤ በመንግሥት ታሪፍ በሚከፍሉ ተቋማት በመጀመሪያው ዓመት ከ1,300 ዩሮ በላይ ነው። ለመግባት በመሠረቱ የአሥር ዓመት ትምህርት ይጠየቃል። ዘጠኝ ዓመት የተማረ ደግሞ መጀመሪያ የረዳትነት ሥልጠናውን ጨርሶ መግባት ይችላል።

ለእሱ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነበር። ሕጉ አውስቢልዱንግ የጀመረ ሰው እስኪጨርስ ሦስቱን ዓመት፣ ከጨረሰም በኋላ በሙያው ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስችለዋል። ሦስት ሲደመር ሁለት የሚባለው ነው። ነገር ግን ማንነቱን ማረጋገጥ አለበት። ብዙ ጊዜ ፓስፖርት ማለት ነው። እሱ ኤምባሲ በር ላይ መቆም ለዓመታት ፈርቶ ነበር፤ ብዙዎቻችን ይህን ፍርሃት እናውቀዋለን። እኔ በግድ ሂድ ልለው አልችልም። እኔ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንኛውንም ወረቀት ከማስገባትህ በፊት የስደተኞች ጠበቃ ወይም ነጻ አማካሪ ዘንድ ሂድ። ሄደ። አሁን ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ሲደውልልኝ ስለ ስኳር ሕመምና ስለ ኢንሱሊን እንጂ ስለ ዱልዱንግ አያወራም።

ስለ ደላላም ልናገር፤ ሆዴን የሚያቃጥለኝ ነገር ነው። አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። አንድ ሰው «ጀርመን አውስቢልዱንግ እንልክሻለን» ብሎ ብዙ ገንዘብ ጠየቃት። እዚያ በደመወዝ የሚሰጥን ሥልጠና በገንዘብ ሊሸጥላት! ቪዛውን የሚሰጠው ኤምባሲ ነው። የሥልጠና ውሉን የሚፈርመው ሆስፒታሉ ወይም መጦሪያው ነው። ቋንቋውን ደግሞ ማንም አይማርላትም። «ገንዘቡን ለጀርመንኛ ትምህርትሽ አድርጊው» አልኳት። ደግሞስ እሷ ዲግሪ ይዛ ለምን ከመጀመሪያ ትጀምራለች?

ባለፈው ሳምንት ትራንስክሪፕቷን በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አጉልቼ አየሁት። ክሬዲትና ውጤት ብቻ ነው፤ የሰዓት ዝርዝር የለውም። መምህራኖቿ ገና እዚያው ናቸው፣ መዝገብ ቤቱም ያውቃታል። ሰኞ ጠዋት ኮሌጅ ትሄዳለች።